ያላለቀ ዕድገት፦ አመጋገብ፣ ክብደትና የሰውነት ገጽታ በገሳይ ደጋ አፍላ ወጣቶች ዘንድ

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በደቡብ ጎንደር የምትገኘውን የገሳይን ከተማ የሚያቋርጠው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላና ስንዴ በሚበቅሉበት የጉና ተራራ ዙሪያ ደጋ ነው። በዚህ አገር ስለ ጤናማ አመጋገብና ስለ ክብደት የሚሰማው ምክር በአብዛኛው ሌላ ኑሮ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚተላለፈው ትምህርት ወፍራሙ እንዴት ይቅጠን በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ የሚያዳምጠው የ15 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ቁመቱን ገና ያልጨረሰ፣ አንዳንዴም በሕፃንነቱ ያጣውን ይዞ ያደገ ነው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ደጋ የወጣቶች ክብደት ከሁሉ አስቀድሞ የዕድገት ጉዳይ ሆኖ መታየት አለበት፤ ስለ መቅጠንም ሆነ ስለ መወፈር የሚሰጠው ምክር ትክክለኛነት የሚመዘነው በዚሁ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ የሚገኙትን «አፍላ ወጣቶች» ይሏቸዋል። ሰው ለአካለ መጠን ሲደርስ ከሚኖረው ክብደት ግማሽ ያህሉን፣ ከቁመቱም ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ አጥንት ለቀሪው ዕድሜ የሚያገለግለውን ካልሲየም በብዛት የሚያከማቸው፣ የደም መጠንም በፍጥነት የሚጨምረው በዚሁ ጊዜ ነው። በሴት ልጅ ዳሌና ጭን ላይ ስብ መከማቸቱ የጉርምስና ሥርዓት የሚያዘው ተፈጥሯዊ ለውጥ እንጂ ከልክ ያለፈ ውፍረት አይደለም፤ በወንድ ልጅ ደግሞ ቁመት ቀድሞ ጡንቻ ስለሚዘገይ፣ ለአንድ ሁለት ዓመት ቀጭንና ረጅም ሆኖ መታየቱ የሕመም ምልክት አይደለም። የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ጉርምስናው ስለሚዘገይ እኩዮቹ ሲረዝሙ እርሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሆኖም የዕድገቱ ዘመን እንደዚያው ስለሚራዘም እነርሱ ካቆሙ በኋላም ማደጉን ሊቀጥል ይችላል። ይህን የማያውቅ መምህር ወይም ወላጅ ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ «ድንክ» ብሎ ሲጠራው የሚያቆስለው ገና ሊለወጥ በሚችል ነገር ላይ ነው።

የአካባቢው አፍላ ወጣቶች ወዴት እንደሚያድጉ ለመረዳት ከየት እንደ ተነሡ ማስታወስ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሁሉም ክልሎች በላይ 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ማለት አንድ ሕፃን በረጅም ጊዜ የምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ በሽታ ምክንያት ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆን ነው። ያኔ የተለኩት ሕፃናት ዛሬ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ማለትም በክልሉ በአንድ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት አካላቸው ገና ከጅምሩ ጎድሎበት የመጣ ሊሆን ይችላል። በሕፃንነት የቀረ ቁመት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ነገር ግን በጉርምስና ጊዜ አጥንት፣ ጡንቻና ደም የሚፈልጉትን ካገኙ የጉዳቱ ክብደት ይቀንሳል፤ እነዚህ ዓመታት በከንቱ ካለፉ ግን ሌላ ተመሳሳይ ዕድል የለም።

የአንድ ሰው ክብደት ከቁመቱ ጋር የተመጣጠነ መሆኑ በተለምዶ የሚታወቀው «ቢኤምአይ» በተባለው ስሌት ሲሆን፣ እርሱም የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ግራም፣ ቁመትን በሜትር ለክቶ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው። ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ቅጥነት፣ ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል። ለአፍላ ወጣት ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል። ለምሳሌ 45 ኪሎ ግራም የምትመዝንና 1.58 ሜትር የምትረዝም የ15 ዓመት ልጅ ውጤቷ 18 ይሆናል፤ በአዋቂ ሚዛን ቀጭን ትባላለች፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባወጣው ሠንጠረዥ ግን በእርሷ ዕድሜ ቅጥነት የሚጀምረው ከ15.9 በታች፣ ከመጠን ያለፈ ክብደትም ከ23.5 በላይ ስለሆነ፣ ልጅቱ ጤናማ ክብደት ላይ ትገኛለች። ከላይ የተጠቀሰው ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ከሆኑ ሴቶች 29 በመቶ ያህሉ ቀጭን ናቸው ሲል የተጠቀመው የአዋቂውን መስፈርት በመሆኑ፣ ቁጥሩ ችግሩን አግንኖ እንደሚያሳይ መታወቅ አለበት፤ ችግሩ ግን በዚህ ምክንያት የለም አይባልም። አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ልኬት ብዙ አይናገርም፤ ይልቅስ በየስድስት ወሩ ቁመትና ክብደት አብረው ተለክተው ቢመዘገቡ ልጁ በራሱ መስመር ላይ እያደገ መሆኑ ወይም ከመስመሩ መውጣቱ በግልጽ ይታያል።

ወደ ገበታው ሲመጣ፣ በትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ» ተብለው የሚጠኑት የምግብ ክፍሎች በዚህ ደጋ እኩል አይገኙም። ኃይል ሰጪው በገብስ እንጀራ፣ በቂጣ፣ በቆሎ፣ በበሶና በድንች መልክ በብዛት አለ፤ በተለይ ድንች አዲሱ እህል ከመድረሱ በፊት ባሉት የክረምት ወራት ብዙ ቤተሰብን የሚያሻግር ሰብል ነው። ጉድለቱ ያለው በዓይነት ላይ ነው። ጉድለቱ ይበልጥ የሚጎላው ደግሞ ወላጆቻቸውን በገጠር ትተው በገሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ ወይም በደብረ ታቦር ቤት ተከራይተው በሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ነው። እነዚህ ልጆች በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ወጥተው የሚመለሱት የሳምንት ስንቅ ተሸክመው ሲሆን፣ ስንቁም አብዛኛውን ጊዜ እንጀራ ወይም ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድንች ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንጀራው ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በቆሎና በበሶ ይገፋል። የማገዶና የዘይት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ወጥ መሥራት ይቀራል፤ ወጥ ሲቀር ደግሞ ከጥራጥሬውና ከአትክልቱ የሚገኘው ሁሉ አብሮ ይቀራል። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የትምህርት ቤት ምገባ እንኳ በዋነኛነት የታሰበው ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ስለሆነ፣ ሰውነቱ ከማንኛውም ጊዜ የበለጠ ምግብ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአብዛኛው ከመርሐ ግብሩ ውጭ ቀርቷል። ይህ ሊታረም የሚገባው ግድፈት ነው።

ያም ሆኖ ከደጋው ምርት ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ጥሩ ገበታ ማዘጋጀት ይቻላል። የገብስና የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንሰው፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ደግሞ በእርሱ የበለጸጉ ናቸው፤ ስለሆነም ሽሮ በእንጀራ፣ ወይም የገብስና የባቄላ ቆሎ በአንድነት ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በዚህ በኩል የቆየው የአመጋገብ ልማድ ከብዙ ዘመናዊ ምክር የተሻለ ነው። በጓሮ የሚበቅለው ጎመን ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ሊሆን የሚችል ንጥረ ነገር ይሰጣል፤ ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ለዕድገት የሚያስፈልገውን ጥሩ ቅባት ያስገኛሉ። ብረት የተባለው ማዕድን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ፋይቴት ከሚባል ውሕድ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ሊጡን በእርሾ አቡክቶ ማቆየት ይህን ውሕድ ይቀንሰዋል፤ ጥራጥሬን ዘፍዝፎ እስኪጎነቁል ማቆየትም እንዲሁ። በምግቡ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲጨመር በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የብረቱን መመጠጥ ያሻሽላል፤ ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ያግዱታል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል። የወር አበባ ለጀመረች ልጅ በየወሩ የሚፈሰው ደም ብረቷን ስለሚቀንስ የደም ማነስ ስጋቱ ከፍ ይላል። ባለሙያ ሲያዝላት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል አለ። እዚህ ላይ አንድ ለደጋ ነዋሪ ልዩ የሆነ ነጥብ አለ፤ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ ስለሆነ የደሙ ሄሞግሎቢን ከቆላ ነዋሪው ከፍ ይላል፤ በመሆኑም ለቆላው የተቀመጠው ወሰን ለገሳይ ልጅ ሳይስተካከል ከተነበበ የደም ማነሱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የእንቁላሉና የወተቱ ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር ቤት እንቁላል፣ ቅቤና በግ የሚቆጠሩት እንደ ገንዘብ ነው፤ ከነእንቁላሉ ገበያ የምትወርደው እናት ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ይዛ ትመለሳለች። ይህ የድህነት ስሌት እንጂ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለምና ወላጅን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ጥራት ያለው ፕሮቲንና ከእህል ፈጽሞ የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ12 እንደሚይዝ ሲታሰብ፣ ከአሥሩ ሁለቱን እንኳ ለሚያድገው ልጅ ማስቀረት ከሽያጩ የሚገኘውን ጥቂት ብር የሚያስንቅ ትርፍ አለው። ጾም ደግሞ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት እስከ 180 ቀን ያህል፣ ከእነዚህም መካከል 55ቱን በዐቢይ ጾም፣ ከእንስሳት ምግብ ይርቃል፤ ልጆችም በልማድ ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ይጾማሉ። የጾም ምግብ በራሱ ጎጂ አይደለም፤ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ተልባና ሱፍ እስካለበት ድረስ የተሟላ ሊባል የሚቃረብ ገበታ ነው። ጉዳት የሚመጣው ጾሙ ወደ ደረቅ እንጀራና በርበሬ ሲወርድ፣ በፍስክ ወራትም ያ ልጅ እንቁላልና ወተት ሳያገኝ ሲቀር ነው። በረመዳን የሚጾሙ ልጆችም ከመግሪብ በኋላና ከንጋት በፊት ያሉት ሁለት ማዕዶች ጥራጥሬና አትክልት የያዙ ቢሆኑ፣ ውኃም በበቂ ቢጠጣ ትምህርታቸው አይስተጓጎልም። ለታመመና ለደከመ ልጅ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር በሁለቱም ሃይማኖቶች የታወቀ መንገድ ነው።

በደጋው ለረጅም ዘመን የሰውነትን ገጽታ ሲለውጥ የኖረው ሌላው ጉድለት የአዮዲን እጥረት ነው። ተዳፋቱን ዝናብ ሲያጥበው አዮዲኑ ከአፈሩ ስለሚጠፋ፣ በዚያ አፈር የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል፤ የአንገት እጢ የጎደለውን ለማካካስ ሲያብጥ እንቅርት ይሆናል። ለኮረዳ ልጅ አንገቷ ላይ የሚታይ እብጠት የሚያስከትለው ኀፍረት ቀላል አይደለም፤ ከእብጠቱ በላይ የሚያሳስበው ግን የእጢው ሆርሞን ማነስ ዕድገትንና አእምሮን ማዘግየቱ፣ በኋላም በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን መጉዳቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዝዛል። አዮዲን ግን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ጊዜ ሙቀት ስለሚጠፋ፣ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥና ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር አለበት።

ከመጠን ያለፈ ክብደት በገጠሩ ቀበሌ እምብዛም ባይሆንም በከተማው ግን መታየት ጀምሯል። ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚሸጠው ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳና የድንች ጥብስ ብዙውን ጊዜ የሚጠበሰው ተደጋግሞ በሚሞቅ ዘይት ሲሆን፣ በገበያ የተስፋፋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው የረጋ ስብ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የፈቀደው የመጨረሻ ወሰን 50 ግራም ስለሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ከዚህም በላይ የተማሪው የኪስ ገንዘብ ትንሽ በመሆኑ ለስላሳው የሚገዛው የእንቁላሉን ወይም የሙዙን ቦታ ወስዶ ነው። ክብደቱ በዛ የተባለ አፍላ ወጣት ግን በአብዛኛው ሊመከር የሚገባው እንዲከሳ ሳይሆን ክብደቱ ባለበት እንዲቆይና ቁመቱ እስኪደርስበት እንዲጠበቅ ነው፤ የጣፈጠውን መጠጥ በውኃ መተካት፣ ቁርስን አለመዝለልና በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ለዚህ ይበቃሉ። ከገጠር ተመላልሶ የሚማር ልጅ ይህን ያህል እንቅስቃሴ ከበቂ በላይ ስለሚያደርግ፣ ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ ነው። ምግብ መከልከልና ማስራብ ለማናቸውም አይጠቅምም።

የሰውነት ገጽታ፣ ማለትም አንድ ሰው ስለ ገዛ አካሉ በልቡ የያዘው ሥዕልና ለእርሱ የሚሰጠው ዋጋ፣ በዚህ አገር የሚቀረጸው በመጀመሪያ በሰላምታ ነው። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሙገሳ ነው፤ «ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነበር?» ደግሞ ከልብ የመነጨ ስጋት ነው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በነፋስ መውጫ ዙሪያ ያለውን የጋይንትን ሕዝብ ጨምሮ ብዙዎችን ያመነመነ በመሆኑ፣ ከዚያም በኤች አይ ቪ ዘመን መክሳት ከሞት ጋር ተያይዞ በመታየቱ፣ ሙሉ ሰውነት የጤናና የደኅንነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በቲክቶክ የሚታየው ቀጭን ወገብና የወንዶች ጡንቻ ሌላ ትእዛዝ ይዞ መጥቷል፤ ልጅቱ ቤት «ብዪ፣ ሰው ምሰዪ» ስትባል ስልኳ ደግሞ «ቅጠኚ» ይላታል። የዚህ ዓይነት ግጭት ምን ሊያስከትል እንደሚችል የፊጂ ደሴቶች ታሪክ ያሳያል። በፊጂ እንደ ደጋው ሁሉ ሙሉ ሰውነት የሚመሰገን ሲሆን፣ በአንድ አውራጃ ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከጠየቋቸው የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች መካከል ለመቅጠን ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ይህን የሚያደርጉት 11.3 በመቶ ደርሰው ተገኙ። ሙሉ ሰውነትን የሚወድ ባህል ብቻውን መከላከያ እንደማይሆን ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ራስን ማስራብ ወደ በሽታ ሲደርስ አኖሬክሲያ ነርቮሳ፣ ብዙ በልቶ ማስመለስን የሚያስከትለው ደግሞ ቡሊሚያ ነርቮሳ ይባላል። ሁለቱም የአእምሮ ሕመሞች እንጂ ቅንጦት ወይም ጥጋብ አይደሉም፤ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም አዛብተው የልብን ምት እስከ ማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ከተቃራኒው ወገን ለመወፈር ሲባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ እንክብሎች አሉ፤ በተለይ ዴክሳሜታዞን ፊትን የሚያሳብጠው ውኃና ስብ በማከማቸት ሲሆን፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ይጨምራል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። ለብዙ ሳምንታት ሲወሰድ የቆየ እንክብል በድንገት ቢቆም ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ለሕይወት ያሰጋልና ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን ይኖርበታል።

የእነዚህን ሕመሞች ምልክቶች በቤት ውስጥ ማስተዋል የሚከብድበት አንዱ ምክንያት የጋራ ገበታ ነው። ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደ ጎረሰ አይለይም፤ እናትና ልጃገረዶች ከእንግዳና ከወንዶች በኋላ በሚበሉበት ቤት ደግሞ ወጡ ሊያልቅ ሲል ለሴቷ ልጅ የሚደርሳት እንጀራው ብቻ መሆኑ ሳይስተዋል ዓመታት ያልፋሉ። ድርሻዋ አስቀድሞ ቢነሣላት ወይም ሁሉም አብሮ ቢቀርብ ያለ ምንም ወጪ የሚሻሻል ነገር ነው። ልጅ ጾም ባልሆነ ቀን «እጾማለሁ» ማለት ሲያበዛ፣ ከምግብ በኋላ ሁልጊዜ ለብቻው ሲሰወር፣ ልጃገረድ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ሲቋረጥ፣ ወይም ክብደት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በግልጽ ሲቀንስ፣ ነገሩን በ«በሞቴ ጉረሽ» ማሸነፍ አይቻልም። ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ በደሙ ያሉት ማዕድናት በድንገት ስለሚዛቡ ማስገደዱ ራሱ አደገኛ ነው፤ ልጁ በመጀመሪያ በጤና ጣቢያ መመርመር፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መላክ አለበት። የምርመራው አንዱ ክፍል የሳንባ ነቀርሳን፣ የስኳር በሽታንና የአንጀት ጥገኛ ትላትልን ማጣራት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የከሳ ልጅ ሁሉ ራሱን ያስራበ አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም የትል ማስወገጃ የሚያሻው ልጅ ስለ መልኩ እየተመከረ ጊዜ እንዳያልፍበት ሐኪሙም ወላጁም ሁለቱንም አብረው ማየት ይገባቸዋል።